ሥጋው ሳይመጣ የሚታወስ ወታደር
የከረን መቃብርና የመርካቶ ልቅሶ

በጦር ሜዳ ወድቆ አስከሬኑ ወደ ወላጆቹ ያልተመለሰ ወጣት በምን ይታወሳል? ሕዝቦች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ እንደየባሕላቸው ልዩ ልዩ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ሁለት መልሶች ይነጻጸራሉ። አንደኛው በከረን ተራሮች ላይ የሞተው የስኮትላንድ ወጣት የሚታወስበት ሥርዐት ነው፤ ሁለተኛው በአዲስ አበባ፣ በመርካቶ ሠፈር፣ ሥጋው ላልመጣ ልጅ የሚደረገው ልቅሶ ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ሲገቡ፣ በጄኔራል ፕላት የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ደግሞ ከሱዳን ተነሥቶ በኤርትራ በኩል ይገፋ ነበር። ከረን በደረሰ ጊዜ ግን የተራራው በር ተዘጋበት። ጥር 26 ቀን የካሜሮን ሃይላንደርስ ሁለተኛ ሻለቃ ከሳንኪል ተራራ ፊት ያለውን ጉብታ በእጁ አደረገ፤ ጉብታውም ከዚያ ወዲህ በጦር ታሪክ መጻሕፍት በዚሁ ሻለቃ ስም ይጠራል። ከረን የተያዘችው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ መጋቢት 18 ቀን ነው። በዚያ ታግዶ የቆየው የኢጣልያ ጦር ወደ ሌላ ግንባር ሊዞር አልቻለም። መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ከኢጣልያ እጅ ወጣች፤ ሚያዝያ 27 ቀንም ንጉሠ ነገሥቱ ገቡ። ስለዚህ በዚያ ጉብታ ላይ የወደቀው የባዕድ አገር ልጅ ሞት ከአዲስ አበባ ታሪክ ውጭ የሚቆጠር አይደለም።

ያ ወጣት የተቀበረው በሞተበት ምድር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1917 የተቋቋመው የእንግሊዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ሁለት ነገር ደንግጎ ነበር፤ ይኸውም ባለጸጋው የልጁን አስከሬን አስመጥቶ ድኻው እንዳይቀርበት ማንም ሬሳ ወደ አገሩ እንዳይወሰድ፣ መኰንንም ሆነ ተራ ወታደር በአንድ ዐይነት ድንጋይ ሥር እንዲያርፍ ነው። በድንጋዩ ላይ የክፍሉ ምልክት፣ ቍጥሩ፣ ማዕርጉ፣ ስሙና የሞተበት ቀን ይቀረጻል፤ ዕድሜው ሲታወቅና ቤተ ሰቡ ቃል ሲልክ እነዚህም ይጨመራሉ።

እንግዲህ የስኮትላንዲቱም እናት ያለ አስከሬን ያለቀሰች ናት። ለእርሷ የቀረላት በአጥቢያዋ የመታሰቢያ ድንጋይ ላይ የተጻፈው ስም፣ እንዲሁም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1927 በኤዲንብራ ግንብ ውስጥ በተከፈተው የአገሪቱ መታሰቢያ የሚጠበቀው መዝገብ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሕዝብ ከድንጋይ በፊት ዜማ ነበረው። በደጋማው ስኮትላንድ ሴቶች በሬሳ ላይ ሙሾ ያወርዱ ነበር። «የዱር አበቦች» ተብሎ ሊተረጐም የሚችለው የከረጢት ዋሽንት ዜማ እስከ ዛሬ በወታደር ቀብርና በመታሰቢያ ቀን ይነፋል፤ ዜማው የሚያስታውሰው በ1513 በፍሎደን ጦርነት ከንጉሣቸው ጋር ያለቁትን ወጣቶች ነው።

ወደ መርካቶ ስንመለስ፣ ገበያው ራሱ ከጦርነት የተወለደ ነው። ኢጣልያኖች ከተማዋን ለነጭና ለጥቁር ለመክፈል ባወጡት ዕቅድ፣ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው የአገሬው ሰው መገበያያ አደረጉት። ወራሪው ሄደ፤ የሰጠው ስም ግን ቀረ። በዚህ ሠፈር ከየአውራጃው የመጣ ሕዝብ ጐን ለጐን ይኖራል፤ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድም ጎረቤት ናቸው። ከትውልድ ቀዬው የራቀ ሰው ቀባሪ እንዳያጣ የሚያደርገው ዕድር ነው። ብዙ ተመራማሪዎች የዕድርን አጀማመር ከአዲስ አበባ ጉራጌዎች ጋር ያያይዙታል።

ሥጋው ላልመጣ ሰው ልቅሶው የሚጀምረው በመርዶ ነው። ሽማግሌዎች በማለዳ፣ ዘመድ ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ ደጅ ይደርሳሉ። ከዚያም ድንኳን ይተከላል። በጥንቱ ሥርዐት የሟቹ ልብስ፣ ጠመንጃውና ጋሻው፣ ፈረስ ቢኖረው ፈረሱ ጭምር ወደ ልቅሶው መካከል ይወጣ ነበር፤ በከተማ ግን የእነዚህን ስፍራ ፎቶግራፍ ወስዶታል። ዕቃው የአካሉ ምትክ ነው፤ አልቃሽዋም ሙሾዋን የምታወርደው ወደ እርሱ እያየች ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የስም ነገር ነው። የከረኑ ድንጋይ ለሟቹ አንድ ስምና አንድ ቍጥር ይሰጠዋል። በእኛ ዘንድ ግን ክርስቲያኑ ጦረኛ በሦስት ስም ሊታወስ ይችላል፤ በተዝካሩ ቀን ካህናት በክርስትና ስሙ ይጸልዩለታል፤ ስመ ጥር ጀግና ከሆነ በሙሾና በፉከራ በፈረስ ስሙ ይነሣል፤ ዕድርተኛው የሚያውቀው በዓለም ስሙ ነው። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን ብቻ የያዘ ታሪክ ጸሓፊ ሰውየውን ላያገኘው ይችላል።

ሁለቱም ሥርዐቶች ጕድለት አለባቸው። ድንጋዩ ስሙን ይጠብቃል፤ ነገር ግን ወጣቱ ምን ዐይነት ልጅ እንደ ነበረ አይናገርም። ሙሾው ጠባዩንና ሙያውን ይናገራል፤ ነገር ግን ከአልቃሽዋ ጋር ይሞታል። ከሁለቱም የተጓደለበት ሰው ከዚያው ከከረን ሊታይ ይችላል፤ በኢጣልያኖች መቃብር ውስጥ ያረፉት ብዙ የአገር ተወላጅ ወታደሮች በድንጋያቸው ላይ የተጻፈላቸው «ያልታወቀ አስካሪ» የሚል ብቻ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ከወደቁት ኢትዮጵያውያንም ብዙዎቹ በስም የተቀረጸ ድንጋይ የላቸውም። መርዶ ያልደረሰው ቤተ ሰብ ደግሞ ልቅሶ እንኳ አይቀመጥም፤ ተስፋና ሐዘን ተቀላቅለውበት ዕድሜውን ሙሉ ደጁን ሲያይ ይኖራል።

ከዚህ ንጽጽር የሚገኘው ትምህርት ድንጋይ ከሙሾ ይበልጣል ወይም ሙሾ ከድንጋይ ይበልጣል የሚል አይደለም። የስኮትላንድ ሰዎች መዝገቡን ሲይዙ ዜማውን አልጣሉም። በመርካቶም የዕድር ጸሓፊ መዝገብ ይዟል፤ ይሁን እንጂ መዝገቡ በዋናው የሚቈጥረው መዋጮ የሚከፍለውን ነው። ከአባሉ ስም አጠገብ በጦርነት የቀረው ልጁ በሦስቱም ስሙ ቢጻፍ፣ የተለቀሰለትም ሙሾ ከሚያስታውሱት አሮጊቶች አፍ ቢሰበሰብ፣ ሥጋው ያልመጣው ወታደር ቢያንስ በስሙ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ይህም ሥራ የሚያስታውሱት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ካልተሠራ በኋላ በምንም ገንዘብ አይገኝም።