ሁለት ጊዜ የተሄደ መንገድ

ሪቻርድ ፕሬነኪ በአሜሪካ ባሕር ኃይል አናጢ የነበረ ሰው ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም.፣ ዕድሜው ከ50 ካለፈ በኋላ፣ ወደ አላስካ ዱር ወጥቶ በመንታ ሐይቆች ዳር ግንድ እየጠረበ በእጁ ቤት ሠራ። ሥራውንም ራሱ በፊልም አነሣው። ረዳት ስላልነበረው ካሜራውን በማቆሚያው ላይ አኑሮ በፊቱ ያልፋል፤ ካለፈም በኋላ ሊወስደው ይመለሳል። ተመልካች አንድ ጊዜ የሚያየውን መንገድ እርሱ ደጋግሞ ሄዶታል።

30 ዓመት ያህል በዚያ ከኖረ በኋላ በ82 ዓመቱ ወደ ወንድሙ ቤት ገባ፤ በ2003 ዓ.ም. ዐረፈ።

ፊልሙን ያየ ሁሉ የሚያደንቀው ብርቱውን ጠራቢ ነው። ነገር ግን ብቸኝነት የሚመዘነው ቤቱ በተሠራበት በጋ ሳይሆን፣ እንጨት መፍለጥ በሚከብድበት በበረዶው ወራት ነው። ሰውን ትቶ የወጣው ይህ ሰው ሲሠራ የሚያየው ዓይን ፈለገ፤ ሲያረጅም ወንድም አስፈለገው።