45 ሰኮንድ፦ የሳይረኑ ሕግና ወላጆቻችን

ዛሬ ስለ አንድ ሕግ ታሪክ ነው የምናወራው። አዛካ ሲጮህ «ወደ ሚክላት ግቡ» ይባላል። ለመሆኑ ይሄ ምክር ነው ወይስ ትእዛዝ? ትእዛዝ ነው፤ ያውም ከ1951 ጀምሮ።

በዚያ ዓመት ክኔሴት የሲቪል መከላከያ ሕግን አወጣ። ሀጋ የሚባለው ድርጅት ሥራውን በዚህ ሕግ ያዘ፤ ሕንፃ የሚሠራም መጠለያ እንዲሠራ ግዴታ ገባ። በጥቃት ሰዓት ደግሞ ሥልጣን ያለው አካል ሕይወት ለማዳን የሚሰጠውን መመሪያ ሕዝቡ መፈጸም አለበት። አሽዶድ የተመሠረተችው በ1956 ነው፤ ሕጉ ከከተማችን በ5 ዓመት ይበልጣል ማለት ነው።

ትልቁ ፈተና የመጣው በጃንዋሪ 1991 ነው። ከኢራቅ ስከድ ሚሳይል ሲተኮስ፣ መርዝ ጋዝ ይኖርበታል ተብሎ ስለተፈራ ትእዛዙ ተገለበጠ፦ ምድር ቤት ወዳለው ሚክላት ሳይሆን፣ በላስቲክና በፕላስተር ወደታሸገ ክፍል ግቡ፣ ማስክ አጥልቁ ተባለ። በሙሴ ዘመቻ የመጡት ወገኖቻችን እዚህ አገር ገና 6 ዓመት ገደማቸው ነበር። በራዲዮ መመሪያው በአማርኛም ይነገር ነበር። ጦርነቱ ካበቃ 3 ወር ሳይሞላው ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰው መጣ። በ1992 ፒኩድ ሃኦሬፍ ተቋቁሞ የሀጋን ቦታ ወሰደ፤ ከዚያ ወዲህ በሚሠሩ ቤቶች ማማድ ግዴታ ሆነ።

አሁን አንድ ነገር አስቡ። ወላጆቻችን ባደጉበት ገጠር ኡኡታ ሲሰማ ምን ይደረጋል? ሰው ሥራውን ጥሎ ወደ ጩኸቱ ይሮጣል። ቤቱ የሚቀር ሰው ነውረኛ ነው። እዚህ ግን ሕጉ ተቃራኒውን ነው የሚያዘው፦ ሲጮህ አትውጣ፣ ግባ፣ ዝጋ፣ ተቀመጥ። አያቶቻችን በረንዳ ላይ ሲቆሙ «አይሰሙም» ማለት ይቀናናል። እኔ ግን እልሃለሁ፣ እየሰሙ ነው፤ የለመዱት ሌላ ሕግ ነው።

ይሄ ጉዳይ ለአሽዶድ የሕይወት ጉዳይ የሆነው በዲሴምበር 2008 ነው። ከጋዛ የተተኮሰ ሮኬት ያን ጊዜ እኛ ጋ ደረሰ። ያለን ጊዜ 45 ሰኮንድ ነው። በዚያው ሳምንት አንዲት የከተማችን ሴት አዛካ ሰምታ፣ ከመኪናዋ ወርዳ አውቶቡስ ማቆሚያ ውስጥ ተጠልላ ሳለ ተገደለች። የሸሸችበት ቦታ አላዳናትም። መታዘዝ ብቻውን አይበቃም፤ የሚያድን መጠለያ በአጠገብ መኖር አለበት። ማማድ በሌላቸው አሮጌ ሕንፃዎች ለሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ደግሞ 45 ሰኮንዱ በደረጃ ላይ ነው የሚያልቀው።

ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ በዚሁ ሕግ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስብሰባ ተገደበ። ሠርግ ተሰረዘ፣ ለቅሶም በጥቂት ሰው ሆነ። ለእኛ ማኅበረሰብ ለቅሶ አለመድረስ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ የምለው ይሄ ነው፦ ሕጉ መታዘዝን ከሁላችን ይጠይቃል፣ ተገቢም ነው። ግን ያልገባህን ትእዛዝ በ45 ሰኮንድ ውስጥ ልትፈጽም አትችልም። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱን ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ መመሪያ በአማርኛ፣ የተጠገነና ክፍት ሚክላት። እኛ ደግሞ አዛካው እስኪጮህ አንጠብቅ። ዛሬ ማታ ከእማማ ጋር ደረጃውን አንድ ጊዜ ውረዱ፣ ሰዓት ያዙ። የፒኩድ ሃኦሬፍ ስልክ 104 ነው፤ ፍሪጁ ላይ ለጥፉት።

በሰላም ቆዩን!