የሰላ ድንጋይዋ እመቤት

ሰሞኑን ከወዳጆቼ ጋር ቡና ይዘን ስለ አውሮፓ ሴቶች ፖለቲካ ወግ ጀመርን። አንዱ ታቸርን አነሣ፣ ሌላው ጀርመንን 16 ዓመት የመሩትን ሜርክልን። ሦስተኛው፣ «እኛ ዘንድ ሴት መች ከጓዳ ወጣችና!» ብሎ ደመደመ። እኔ የመንዝ አያት ያሳደጉኝ ሰው ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ለመሆኑ ወይዘሮ ዘነበ ወርቅን ስንቶቻችን እናውቃቸዋለን? የሸዋው ገዥ የወሰን ሰገድ ባለቤት፣ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1813 ወሰን ሰገድ ሲገደሉ ታላቁ ልጅ በኩሬ መርሐቤቴን ይገዛ ነበር፤ አልጋው የሚገባውም ለእርሱ ይመስል ነበር። ነገር ግን ገና ጎረምሳ የነበሩት ሣህለ ሥላሴ ከሰላ ድንጋይ ገዳም ትምህርታቸውን ትተው ወደ ቁንዲ ገሠገሡና ቀደሙት። ማን ደገፋቸው? በእናታቸው በኩል ያሉ የመንዝ ዘመዶቻቸው! በኩሬ ሲደርስ ነገሩ አልቋል፤ ወደ ጎንቾ እስር ቤት ተጋዘ። ያን አልጋ የእናት ወገን ወሰነው ብል አጋነንክ የሚለኝ አይኖርም።

እናቲቱም በልጃቸው ጥላ ሥር ብቻ ተቀምጠው አልቀሩም። በሰላ ድንጋይ የራሳቸውን ግቢ አቁመው ሰፊ አገር ያስተዳድሩ ነበር። ሚሲዮናዊው ክራፕፍ በ1842 ከአንኮበር ወደ ሰሜን ሲጓዝ በዚያው አልፏል፤ የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረው ሐሪስም ስለ እርሳቸው ጽፏል። የሐሪስ ነገር ሁልጊዜ ያስገርመኛል። የላከው መንግሥት በንግሥት ቪክቶሪያ ሥር ነበር፤ ያገባች እንግሊዛዊት ግን ንብረቷ በሕግ የባሏ ነበር። ይህ በደንብ የተሻሻለው በ1882 ነው።

በመንዝ ርስት በአባትም በእናትም ይወረሳል። አያቴ ከእናታቸው የመጣላቸውን መሬት ለማስከበር ዳኛ ፊት ቆመው ሲሟገቱ፣ አያታችን ውጭ በቅሎ ይዘው ይጠብቁ ነበር አሉ። (ይህን ሲያወሩ የሚስቁት ሳቅ ዛሬም በጆሮዬ አለ።) ሆኖም ሁሉን አናሳምረው። በሬ ጠምዶ ማረስ ለሴት ነውር ነበር። ባሏ የሞተባት ባለርስት እኩል አራሽ ፈልጋ ምርቷን ታካፍላለች፤ መሬቱ የእርሷ፣ ሞፈሩ የወንድ። የወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ሥልጣንም ቢሆን የንጉሥ እናት በመሆን የተገኘ ነው፤ ለመንዝ ገበሬ ሚስት የሚተርፍ አልነበረም።

ወዳጄ ይህን ሰምቶ፣ «ታዲያ ያው የድሮ ወሬ ነው» አለኝ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1957 ለፓርላማ ሲመረጡ፣ የስዊስ ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ ለመስጠት ገና 14 ዓመት ይቀራቸው እንደነበር ነገርኩት። በ2015ቱ ምርጫም ከ547 መቀመጫዎች ሴቶች 212ቱን ይዘው ነበር። ቁጥሩ መልካም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያ ሞፈር ነው።

ርስት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቀርቷል፤ በአማራ ክልል የመሬት ደብተር በባልና ሚስት ስም ይወጣል። ወደ መንዝ ወጥቼ ባሏ የሞተባትን የአክስቴን ልጅ በጠየቅሁ ጊዜ ደብተሯን ከሣጥን አውጥታ አሳየችኝ፤ ስሟ በጉልህ ተጽፏል።

«በሬውንስ ማን ይጠምዳል?» አልኳት።

«እኩል አራሽ ይዣለሁ፤ ዘንድሮስ ሲሶ ይድረስህ ብዬው እምቢ አለኝ።»

«ለምን አንቺ አታርሺም?»

እኔን ትታ ወደ ልጇ ዞር አለችና ሳቀች።