የቆቃ መብራትና የማገዶ ጭስ

ዓለም ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ዘይት ለመላቀቅ ደፋ ቀና በሚልበት በአሁኑ ዘመን፣ ሀገራችን ኤሌክትሪኳን ከሞላ ጎደል ከውሃ ማግኘቷ እንደ ትልቅ አርቆ አሳቢነት ሲነገርላት እሰማለሁ። ኩራቱ ባይከፋም፣ የታሪኩ መነሻ የአየር ንብረት ጉዳይ አልነበረም። መነሻው የጦር ካሣ ነው።

በ1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወሰነባት። ለዩጎዝላቪያ 125፣ ለግሪክ 105 ሚሊዮን ሲፈረድ፣ የመርዝ ጋዝ ለዘነበባትና የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ለተፈጸመባት ሀገር 25 ሚሊዮን ምን ዓይነት ፍርድ እንደሆነ አንባቢ ይመዝነው። እሱም ቢሆን ወዲያው እጅ አልገባም። ነገሩ ሲጓተት ኖሮ በ1948 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ሲስማሙ፣ ገንዘቡ ከተፈረደውም አንሶ ተገኘ። የቆቃ ግድብ የተሠራው በዚሁ የካሣ ገንዘብ ነው። የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን የተቋቋመውም በዚያው በ1948 ነበር።

እስከዚያ ድረስ የነበረን የውሃ ኃይል ቢኖር አቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው አባ ሳሙኤል ነው፤ አቅሙ 6.6 ሜጋዋት። የቀረው በናፍጣ ሞተር የሚንቀሳቀስ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቆቃ ግን 43.2 ሜጋዋት ይዞ መጣ። ከዚህም በላይ፣ ግድቡ የክረምቱን ጎርፍ ይዞ በበጋ ስለሚለቀው፣ ከታች አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት የተባሉት ጣቢያዎች ያንኑ ውሃ እንደገና እንዲሠሩበት መንገድ ከፈተ። አንድ ውሃ ሦስት ጊዜ ተርባይን ያሽከረክራል ማለት ነው። እኔ በዚህ ሥራ ከግንቡ ይልቅ የሚያስገርመኝ ይህ ቁጠባ ነው።

ሐይቁ የተኛበት መሬት ግን ባዶ አልነበረም። የጅሌ ኦሮሞዎች ከብት ያሰማሩበትና ያርሱት የነበረ ቦታ ነው። የጠላት ዕዳ በእነሱ መሬት ላይ ተከፈለ፤ መብራቱ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

አዲስ አበባስ ምን ታነድ ነበር? ዘመኗን ሁሉ እንጨት። አጼ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ያሰቡት በከተማዋ ዙሪያ ያለው ደን ተመንጥሮ ማገዶ በመጥፋቱ ነበር። ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ኤሌክትሪክ ከገባ በኋላም ማጀቱ የእንጨትና የከሰል እንደሆነ ቀረ። አምፖል ኩራዝን ተካ እንጂ ጉልቻን አልነካም።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ተመልሶ ቆቃን ያገኘዋል። በአዋሽ የላይኛው ተፋሰስ ዛፉ ለእርሻና ለማገዶ ሲያልቅ፣ ኩበቱም ማሳ ላይ መዋሉ ቀርቶ ምድጃ ሲገባ፣ አፈሩን የሚይዘው ጠፋ። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን እየጠረገ ሐይቁ ውስጥ ይደፋዋል። ውሃ ሊይዝበት ከታሰበው ቦታ ብዙውን ደለል ወስዶታል። የማገዶውን ጉዳይ ለደን ሰዎች፣ የግድቡን ለመሐንዲሶች ከፋፍሎ መስጠት የተለመደ ነው፤ ለእኔ ግን አንድ ጉዳይ ናቸው።

ዛሬ ሌላ ዘመን ላይ ነን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ነው፤ ወደ 119 ቆቃ ማለት ነው። በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡም በ2016 ተከልክሏል። መኪናውን አሰብንለት። የሀገሩ ሕዝብ አብዛኛው ግን ዛሬም እንጀራውን የሚጋግረው በእንጨትና በኩበት ነው፤ ጭሱም የሚገባው በእናቶችና በሕፃናት ሳንባ ውስጥ ነው።

እስቲ በምጣድ እንቁጠረው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይጠይቃል። ቆቃ በሙሉ ኃይሉ ሠርቶ በመስመር ላይ ምንም ባይባክን እንኳ፣ በአንድ ጊዜ የሚያግለው 12 ሺህ ያህል ምጣድ ብቻ ነው። ህዳሴ በዚሁ ስሌት አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ምጣድ ያግላል፤ መስመሩ እያንዳንዱ ማጀት ከደረሰና ባለቤቲቱም የምጣዱን ዋጋ ካገኘች።