የጋራ ትራንስፖርት አገልግሎት የጥራት ማረጋገጫ (በሆሳዕናና በሌሎች የሐዲያና የከምባታ ከተሞች)

የጋራ ትራንስፖርት የጥራት ማረጋገጫ የማይተዋወቁ ሰዎች በጋራ የሚጠቀሙበት ተሽከርካሪ የሚሰጠው አገልግሎት የወጣለትን መስፈርት ማሟላቱን መርምሮ የሚሰጥ ምስክርነት ነው። በጀርመን መኪና በማጋራት ለሚሠሩ ድርጅቶች «ሰማያዊ መልአክ» የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ምልክት ይሰጣል። በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜና በሺንሺቾ ግን ሕዝቡ የሚጋራው ባጃጅና ሚኒባስ ስለሆነ የጥራት ጥያቄ መነሣት ያለበት በእነዚህ ላይ ነው። በተለይ በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ ተቋማት በተለያዩ ከተሞች በመደልደላቸው፣ ባለጉዳይ ከከተማ ከተማ መመላለሱ የግድ ሆኗል።

አሁን ያለው ማረጋገጫ ጥቂት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ ይለጠፍለታል፤ አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን ያስገድዳል፤ ሹፌሩ መንጃ ፈቃድ አለው፤ አገር አቋራጩም በደረጃ ተመድቦ ታሪፍ ይወጣለታል። ሁሉም ያስፈልጋሉ፤ ነገር ግን በአብዛኛው የሚመሰክሩት ስለ መኪናውና ስለ ሹፌሩ እንጂ ተሳፋሪው ስለሚያገኘው አገልግሎት አይደለም። ባጃጅ ከኋላ ሦስት ሰው እንዲይዝ የተሠራ ነው። አራተኛው ከሹፌሩ ጎን ሲሸጎጥ ሹፌሩ እጀታውን እንደልቡ ማዞር ያቅተዋል፤ ቦሎው ግን እንደተለጠፈ ነው። ሚኒባሱም ከመናኸሪያ ልኩን ጭኖ መውጫ ከያዘ በኋላ መንገድ ላይ ትርፍ ቢጭን፣ ሲመሽ ሒሳብ ቢጨምር ወይም ተሳፋሪውን አጋማሽ ላይ አውርዶ ለሌላ መኪና ቢያስረክብ፣ ዓመታዊው ምርመራ ይህን የሚያይበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ምስክርነቱ ከመኪናው አልፎ ለአገልግሎቱ፣ ማለትም ለመስመሩና መስመሩን ለያዘው ማኅበር መሰጠት አለበት። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ የሕዝብ ማመላለሻ መስፈርት ጥራትን በስምንት ጉዳዮች ሲከፍል ሰዓትን፣ መረጃን፣ የተሳፋሪ አያያዝንና ደኅንነትን ይጨምራል። በፈረንሳይም የምስክር ወረቀት የሚያገኘው የትራንስፖርት መስመሩ ነው። በእኛ አገር ባለንብረቶች ቀድሞውኑ በማኅበር የተደራጁ በመሆናቸው ተጠያቂ የሚሆን አካል መፈለግ አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ወጪው ነው፤ በብድር መኪና የገዛና በመለዋወጫ ዋጋ የተማረረ ባለንብረት ሌላ መስፈርት አይችልም ይባላል። ታሪፉን ተሳፋሪው በሚያየው ቦታ መለጠፍና የቅሬታ ስልክ መጻፍ ብዙ ወጪ የለውም። ትርፍ አለመጫን ግን በእርግጥ ገቢ ይቀንሳል፤ ይህን መካድ አይገባም። ታሪፉ በልክ ለሚጭን መኪና የማያዋጣ ከሆነ ማረጋገጫው ሕግ አክባሪውን የሚቀጣ ስለሚሆን፣ የታሪፍ ጥናቱ ከመስፈርቱ መቅደም አለበት። ሁለተኛው ተቃውሞ ወረቀቱ በጉቦ ይገዛል የሚል ነው። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ መከላከያውም መስፈርት አውጪውንና መዛኙን መለየት ነው። የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ደረጃ ወደሚያወጣ፣ ተስማሚነትን ወደሚመዝን፣ ወደ ሥነ ልክና ወደ አክሬዲቴሽን ተቋማት በአራት የተከፈለውም በዚሁ አስተሳሰብ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነው። በመናኸሪያ መኪና የሚጭነው በተራው ነው፤ ተሳፋሪው ተራ የደረሰውን መኪና ይሳፈራል እንጂ ምልክት ያለውን መርጦ መግባት አይችልም። ታዲያ ማረጋገጫው ለማን ይጠቅማል? የጀርመኑ ምልክት የሚሠራው ደንበኛው መምረጥ ስለሚችል ነው፤ እዚህ ግን ሽልማቱ መምጣት ያለበት ከስምሪት ነው። መስፈርቱን ያሟላ ማኅበር በገበያ ቀን ተጨማሪ ምልልስ ወይም የተሻለ መስመር ያግኝ፤ በተደጋጋሚ ቅሬታ የቀረበበት ደግሞ ምልልሱ ይቀነስበት። ያኔ ትርፍ የሚጭነውን ሹፌር ከትራፊክ ፖሊስ ቀድመው የሚቆጣጠሩት የገዛ ማኅበሩ አባላት ይሆናሉ።