ለኢንጂነሪንግ ዲዛይን የሚሆን ኮምፒውተር ስንመርጥ ከሶፍትዌሩ እንጀምር

ልጃችን ኢንጂነሪንግ ሲመደብ ላፕቶፕ የግድ ይሆናል። ገንዘቡ ከወላጅ ቁጠባ ወይም በስደት ካሉ ወንድምና እህት ላብ የሚወጣ በመሆኑ ስህተት ቢፈጠር በቀላሉ አይተካም። ስለዚህ ከዋጋና ከመልክ በፊት አንድ ጥያቄ እናስቀድም፦ ተማሪው የሚሠራበት ሶፍትዌር የሚጫነው በየትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ነው?

ዊንዶውስ

በሲቪል፣ በአርክቴክቸርና በመካኒካል ዘርፍ የተለመዱት ሬቪት፣ ሲቪል ስሪዲ፣ ኢታብስ፣ ሳፕ 2000 እና ሶሊድወርክስ የሚሠሩት በዊንዶውስ ብቻ ነው። ለእነዚህ ዘርፎች ምርጫው ከሞላ ጎደል ያለቀ ነው።

ማክ

አውቶካድ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ዳግም የማክ እትም አለው፤ ሆኖም በዊንዶውሱ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ አይገኙበትም። ኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው የቀድሞ ማኮች በቡት ካምፕ አማካኝነት ዊንዶውስ ይጭኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ኤም 1 ከመጣ ወዲህ ግን በአዲሶቹ ማኮች ላይ ይህ መንገድ ተዘግቷል። እንደ ፓራለልስ ባለ ፕሮግራም የሚገባው ለአርም ፕሮሰሰር የተዘጋጀው ዊንዶውስ ነው፤ ችግር ሲገጥም የሶፍትዌሩ አምራች ላይረዳን ይችላል። ስናፕድራጎን ፕሮሰሰር ያላቸው የዊንዶውስ ላፕቶፖችም የአርም ስለሆኑ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ከውጭ ላፕቶፕ የሚልኩልን ዘመዶቻችን ይህን ቀድመው ቢያውቁ መልካም ነው።

ሊኑክስ

ለቺፕ ዲዛይን የሚውለው የኬደንስ ቨርቹኦሶ የሊኑክስ ሶፍትዌር ነው። አንሲስና ቪቫዶ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራሉ። ፍሪካድና ኪካድ ደግሞ በሦስቱም ላይ በነፃ ይጫናሉ።

የማሽኑ አቅም

ሞዴል ስንሠራ ብዙው ሥራ የሚወድቀው በአንድ ኮር ላይ ስለሆነ ከኮር ብዛት ይልቅ የእያንዳንዱ ኮር ፍጥነት ይበልጣል። ብዙ ኮር የሚጠቅመው ለሬንደሪንግና ለከባድ ስሌት ነው። 16 ጊጋባይት ራም፣ ኤስኤስዲ ዲስክ እና ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ጥሩ መነሻ ናቸው። ሶፍትዌሩ ኩዳ የሚጠይቅ ከሆነ ካርዱ የኤንቪዲያ መሆን አለበት።

ያገለገለ ላፕቶፕ ስንገዛ ዊንዶውስ 11 መቀበሉን እናረጋግጥ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። በኢንቴል በኩል ዊንዶውስ 11 በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል።

ፈቃድ

የተሰበረ ሶፍትዌር የሰው ሐቅ ከመሆኑም በላይ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አውቶዴስክ መስፈርቱን ለሚያሟሉ ተማሪዎች በየዓመቱ የሚታደስ ነፃ ፈቃድ ይሰጣል።

በአጭሩ፣ የሶፍትዌሮቹን ዝርዝር ከትምህርት ክፍሉ እንጠይቅ፤ አምራቹ ያወጣውን መስፈርት ከላፕቶፑ ጋር እናስተያይ፤ ከዚያ በኋላ ገንዘባችንን እናውጣ።