ዝገትና ምስክርነት

አሜሪካኖች ማስል ካር የሚሏቸውን፥ ይኸውም በመጠነኛ አካል ላይ ኀይለኛ ሞተር የተሸከሙትን አሮጌ አውቶሞቢሎች የሚያድስ ሰው፥ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ ታሪኩንም አብሮ እንዳይፍቀው ያሠጋል። በ1968 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) ‹‹ቡሊት›› ለተባለው ፊልም በሳን ፍራንሲስኮ ዳገትና ቍልቍለት የተነዱት ሁለት ፎርድ ሙስታንጎች ለዚህ ምስክር ናቸው። ቍጥራቸው ተከታታይ ሲሆን የአንዲቱ በ558፥ የሁለተኛዪቱ በ559 ያልቃል።

558 አብዛኛውን ዝላይ የተሸከመች ስለ ነበረች ተሰባብራ ጠፍታለች ይባል ነበር። በ2017 ዓ.ም. ግን በሜክሲኮ፥ በባሃ ካሊፎርኒያ፥ የቀድሞ ሞተሯ ጠፍቶ፥ ነጭ ቀለም ተቀብታ ተገኘች። ያገኟትም ሰዎች የሌላ ፊልም መኪና አስመስለው ሊሠሯት አስበው ነበር። ቍጥሯ ባይመረመር ኖሮ፥ ለዝላዩ የተጠናከረው የአሞርቲዛተር መደገፊያና ለፊልሙ ሥራ በዕቃ መጫኛዋ የተበሱት ቀዳዳዎች፥ ማለት የምስክርነቷ ቃል ሁሉ፥ እንደ ጉድለት ተቈጥረው በጠፉ ነበር።

559ስ? ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ እጅ ኖራ፥ የቤቱ እመቤት መምህርት ነበረችና ወደ ተማሪ ቤት ትመላለስባት ነበር። ቈይቶም ሞተሯ ተጠግኖ፥ የተላላጠው ቀለሟ ግን ሳይነካ፥ በ2020 ዓ.ም. በፍሎሪዳ በተደረገ ሐራጅ በ3.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። ዋጋው ለጉዳቷ ጭምር የተከፈለ ይመስለኛል።

የ558 ነገር ይከብዳል፤ ሞተር አልባ የሆነ፥ ዝገት የበላው አካል ሳይቈረጥና ሳይበየድ መንገድ አይወጣምና፥ የትኛው ቀዳዳ እንዲደፈን፥ የትኛው እንዲቈይ በእያንዳንዱ ብረት ላይ መፍረድ ያስፈልጋል።